የህንድ ሪፐብሊክ ቀን በአዳማ፣ ከስምንት ቀን በኋላ

ውድ መምህሬ ሚስተር ቼሪያን፣

ፎቶዎን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ሰላምታውን፣ የጤና ጥያቄውን፣ የሠላሳ አምስት ዓመቱን ዝምታ ሁሉ ወደ ኋላ አቆይቼ ከዚህ ጀመርኩ፤ ከሌላ ቦታ ብጀምር አድበስብሼው እንደማልፍ ራሴን አውቀዋለሁ። ፎቶው በ1979 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለን በትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ የተነሣነው ነው፤ እርስዎ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው መሐላችን ቆመዋል። አርባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው በሎጋሪዝም ሰንጠረዥ መጽሐፍ ውስጥ ተኝቶ ኖረ። ዘንድሮ ታኅሣሥ ላይ አውጥቼ ለምሠራበት ኮሌጅ ሰጠሁ። እኛን ተማሪዎቹን በሙሉ ቆርጠው ጣሉን። የእርስዎን ፊት ብቻ አራት ሜትር በሚሆን ባነር ላይ አሳትመው፣ ስምዎን ጽፈው፣ ከሥሩ «እንኳን ለህንድ የነጻነት ቀን በሰላም አደረሳችሁ» አሉበት።

የነጻነት ቀን! በጥር ወር! «የሚከበረው የሪፐብሊክ ቀን ነው፤ የነጻነታቸው ነሐሴ ላይ ነው» ብዬ ለሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ብነግረው «ያው ነው ጋሼ» አለኝና ወደ ስልኩ ተመለሰ።

ያው ነው። መምህር፣ እርስዎ ከሄዱ ወዲህ ይህች አገር ብዙ ሕግ ጽፋለች። በየቀኑ ሥራ ላይ ሲውል የማየው ግን ይህን አንድ አንቀጽ ነው።

በአማርኛ የምጽፍልዎ እንደሚያነቡት ስለማውቅ ነው። የቤትዎ ግድግዳ ላይ የሕፃናት ፊደል ገበታ ለጥፈው በሦስት ወር የሱቅ ማስታወቂያ ማንበብ የጀመሩ ሰው ነዎት። እኛ በእንግሊዝኛ ስንሳሳት እርስዎ በአማርኛ ይቆጡን ነበር። አድራሻዎን የላከችልኝ ፕሮፌሰር አኒ ናት፤ እሷን ከታች ያገኟታል። በአገርዎ በኮታያም ከተማ ከልጅዎ ጋር እንደሚኖሩ፣ ዓይንዎ ቢደክምም በማጉያ መስተዋት እንደሚያነቡ ጻፈችልኝ። ስለዚህ ፊደሌን ጎላ አድርጌያለሁ።

እኔ አሁን እዚሁ እርስዎ ናዝሬት በሚሏት በአዳማ፣ በአንድ የግል ኮሌጅ ሬጅስትራር ነኝ። ዕድሜዬ ሃምሳ ስድስት ሆኗል። ሥራዬ ውጤትና ቀን ማመሳከር ነው። ሰው «ደረቅ» ይለኛል፤ እኔም ደረቅነቴን እንደ ንጽሕና ስቆጥረው ኖሬያለሁ። አሁን የምነግርዎ ነገር ይህንን ነው ያፈረሰብኝ።

ፎቶው የተነሣበትን ቀን ያስታውሱት ይሆን? ጥር 18 ቀን፣ ሰኞ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ግራጫ የሚለብሱት ሰውዬ በነጭ ሸሚዝ ክፍል ሲገቡ፣ ከኋላ የሚቀመጠው ማስረሻ «ቲቸር፣ ሠርግ አለብዎት እንዴ?» ብሎ ክፍሉን አሳቀው። እርስዎ አልሳቁም። «አገሬ ዛሬ በዓል ነው። እዚህ ግን ሰኞ ነው። መጽሐፍ አውጡ» አሉን። ትምህርቱን እስከ መጨረሻው መስመር አስተምረው ከጨረሱ በኋላ አሥር ደቂቃ ተረፈች፤ ስለ በዓሉ ጠየቅንዎ። እንግሊዝ ነሐሴ ላይ ለቅቆ እንደሄደ፣ ሪፐብሊኩ ግን የቆመው ከሁለት ዓመት ከአምስት ወር በኋላ ጥር ላይ እንደሆነ ነገሩን።

«በመሐል ምን ስትሠሩ ነበር?» አለ ማስረሻ።

«ስንከራከር» አሉት። ለሕገ መንግሥቱ ከሰባት ሺህ በላይ የማሻሻያ ሐሳብ እንደቀረበ፣ እያንዳንዱ ክርክር ከነተናጋሪው ስም እንደተመዘገበ ነገሩን። «የማይረባ ሐሳብም አለ። እሱም ተጽፏል። የተናገረው ሰው ስሙ አለ።»

እኔ ከፊት ወንበር ተነሣሁ። የእኛም አገር ሕገ መንግሥት በሚቀጥለው እሑድ ሕዝብ ድምፅ ሊሰጥበት ነበር፤ ረቂቁ ደግሞ ባለፈው ክረምት በየቀበሌው «ውይይት» ተደርጎበታል። «ቲቸር፣ እኛም ጽፈናል! እኔ ራሴ በቀበሌያችን ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርኩ» አልኩ። ጽሑፌ ስለሚያምር ነበር የመረጡኝ።

«ስንት ሰው ተቃወመ?» አሉኝ።

«ማንም። በሙሉ ድምፅ ነው የጸደቀው።»

ደወል ሲደወል አስቀሩኝ። «ማንም?» አሉኝ ድጋሚ። ያን ጊዜ እውነቱን ነገርኩዎ፤ በኩራት ነበር የነገርኩዎ፣ ምስጢር እንደማካፍል። ወይዘሮ ዲንቄ የሚባሉ ጎረቤታችን እጃቸውን አውጥተው «ልጄን ለውትድርና የወሰዳችሁት በየትኛው አንቀጽ ነው?» ብለው ጠይቀው ነበር። ሰብሳቢው «እማማ ይቀመጡ» አላቸው፤ ወደ እኔም ዞሮ «ይሄ አይጻፍም» አለኝ። አልጻፍኩትም።

«ደገፋ» አሉኝ፣ «አንድ ሰው ሰረዝክ። ሒሳብ ቢሆን ዜሮ እሰጥህ ነበር።» ከዚያ ወጥተን ፎቶ ተነሣን። በፎቶው ላይ ወደ ካሜራው የማያየው ልጅ እኔ ነኝ። የወይዘሮ ዲንቄ ልጅ ይመለስ አይመለስ እስከ ዛሬ ጠይቄ አላውቅም።

አሁን ወደ ዘንድሮው ልምጣ።

ኮሌጃችን ከአንድ የህንድ ዩኒቨርሲቲ ጋር የትብብር ውል አለው። ታኅሣሥ ላይ ከዚያ ደብዳቤ መጣ፤ «የሪፐብሊክ ቀናችንን በጃንዋሪ 26 ከእናንተ ተማሪዎች ጋር ግቢያችሁ ውስጥ ማክበር እንፈልጋለን» የሚል። ደብዳቤ ሲገባ መጀመሪያ የሚያርፈው መዝገብ ቤት ነው። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ወይዘሮ ቀመሪያ ናት፤ የአቦምሳ ልጅ፣ በዚህ ኮሌጅ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራች፣ ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት የቀራት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የፈረንጁን ቀን ወደ እኛ፣ የእኛን ወደ ፈረንጁ ስትመልስ አንድ ቀን ስታ አላየሁም። እኔ ስህተት ፈላጊ ነኝ፤ ፈልጌ ነው ያጣሁት። በደብዳቤው ጠርዝ ላይ በእርሳስ «ጥር 18» ብላ ጻፈችና ኮፒ አድርጋ ለየክፍሉ በተነችው። አንዱ ኮፒ ለእኔ ደረሰኝ።

ዋናው ወደ ፕሬዝዳንታችን ወደ ዶክተር ይትባረክ ገባ። እሳቸው እርሳሱን ሰርዘው በእስክሪብቶ «ጥር 26» አሉ። ቀመሪያ እንደነገረችኝ፣ ይዛው ተመልሳ ሄዳ «ዶክተር፣ ጃንዋሪ 26 እኮ የኛ ጥር 18 ነው» ብትላቸው «ጃንዋሪ ጥር ነው አይደል? ሃያ ስድስት ደግሞ ሃያ ስድስት ነው። አታወሳስቢብን» ብለው መለሷት። በዚህ አገር «የራሳችን ዘመን መቁጠሪያ አለን» እያለ ደረቱን የማይነፋ የለም። ሁለቱን አስተያይቶ መቁጠር ግን የመዝገብ ቤት ሴት ሥራ ነው፤ ቆጥራ ብትነግርም የሚሰማት የለም።

ጥር 18 ሰኞ ጠዋት አለቆቹ በሙሉ ሶደሬ ነበሩ። «የስትራቴጂክ ዕቅድ ግምገማ» ይሉታል፤ ከቅዳሜ ጀምሮ ፍል ውሃ ውስጥ የሚገመገም ዕቅድ ነው። እኔ የሁለተኛውን መንፈቅ ምዝገባ ስለያዝኩ ቀርቻለሁ። ሦስት ሰዓት ላይ የበሩ ጥበቃ አብዱናሲር ደወለልኝ።

«አቶ ደገፋ፣ ሦስት እንግዳ መጥቷል። ባንዲራና ካርቶን ይዘዋል። ላስገባ?»

«የማን ባንዲራ?»

«የእኛን ይመስላል፣ ግን ቢጫው ነጭ ሆኗል። መሐሉ ላይ ጎማ አለው።»

እየሮጥኩ ወረድኩ። ሦስት ሰዎች፣ ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት፣ የበዓል ልብስ ለብሰው፣ ካርቶን ሙሉ ጣፋጭ ይዘው አቧራ ላይ ቆመዋል። ሴትየዋ ፕሮፌሰር አኒ ነበረች። ቀመሪያ ነገሩ ወዲያው ገባት። መዝገብ ቤቱን ጠርጋ ወንበር አስቀመጠችላቸው፤ ሻይ አፈላች። እኔ ወደ ሶደሬ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ውሃ ውስጥ ነኝ፤ በኋላ ደውል» አሉ ዶክተሩ።

«እንግዶቹ መጥተዋል።»

«የምን እንግዶች?»

«ህንዶቹ።»

«ለጥር 26 አይደል እንዴ?»

«ለጃንዋሪ 26 ነው። ዛሬ ነው።»

ውሃው ሲንቦጫረቅ ይሰማኛል። «ታዲያ ያው አይደለም?» አሉኝ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ጸጉራቸው ሳይደርቅ ደረሱ። እስከዚያ ፕሮፌሰር አኒ ተጠቅልሎ ጥግ የቆመውን ባነር አይታ ይገለጥልኝ ብላ ነበር። በኮሪደሩ ላይ ዘረጋነው። «የነጻነት ቀን» የሚለውን አማርኛ ባለማወቋ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ስምዎን ግን በእንግሊዝኛውም ጽፈውት ነበርና ቆማ አነበበችው፤ «የኔም አጎት በዚያ ዘመን ኢትዮጵያ ያስተምር ነበር። የዚህን ሰው ቤተሰብ ፈልጌ አገኝልሃለሁ» አለችኝ። ስለ እርስዎ ስናወራ ነው ዶክተሩ የገቡት። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው በእንግሊዝኛ ይቅርታ ጠየቁ፤ ወዲያውም ሻይ የያዘ ትሪ ተሸክማ ወደቆመችው ወደ ቀመሪያ በአገጫቸው እያመለከቱ «የመዝገብ ቤታችን ሠራተኛ ናት ቀኑን ያሳሳተችን» አሉ።

ቀመሪያ እንግሊዝኛ ትሰማለች። ትሪውን አንድም ብርጭቆ ሳይንቃጨል ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ወጣች። እኔ እዚያው ቆሜያለሁ። ባልናገር እንኳ ቢያንስ አብሬያት መውጣት እችል ነበር።

እንግዶቹ ጣፋጩን ትተውልን በትሕትና ተሰናብተው ሄዱ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ውርደት ብቻ ነበር። ግን ባነሩ ታትሟል፣ ድንኳኑ ተከራይቷል፣ የአካባቢው ባለሥልጣናት ተጠርተዋል። ስለዚህ ጥር 26 ቀን፣ አንድም ህንድ በሌለበት፣ የህንድን ሪፐብሊክ ቀን አከበርን። የሆቴል አስተዳደር ተማሪዎች የመጋረጃ ጨርቅ እንደ ሳሪ ተጠምጥመው ጨፈሩ። ዶክተር ይትባረክ ንግግር አደረጉ፤ «እኛ ቅኝ ያልተገዛን ሕዝብ እንደመሆናችን የተገዙ ወንድሞቻችንን ደስታ እንጋራለን» አሉ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ፣ አራት ሜትር ከሚያህለው ፊትዎ ሥር፣ አጨበጨብኩ።

ባነሩን ያን ሳምንት የአዳማ ነፋስ ከማሰሪያው ነቀለው። አንድ ባጃጅ ነጂ ከአብዱናሲር ለምኖ ወሰደውና ለባጃጁ የኋላ መጋረጃ አደረገው። ከግራ ዓይንዎ እስከ አገጭዎ ፍራንኮ ሰፈር ሲመላለሱ ሁለት ቀን አይቼዎታለሁ። ባጃጁም የአገርዎ ልጅ ነውና ከእኛ ይልቅ እሱ አክብሮ ይዞዎታል።

ከህንድ ግን ደብዳቤ መጣ። ጨዋ ደብዳቤ ነው፤ የዘንድሮው የመምህራን ልውውጥ ለጊዜው ይቆይ ይላል። ያን ጊዜ ጥፋተኛ ማግኘት አስፈለገ። የካቲት 3 ቀን አምስት አባላት ያሉት የዲሲፕሊን ኮሚቴ ተሰበሰበ። ሰብሳቢው ምክትል ፕሬዝዳንቱ ነገሪ ነው፤ እርስዎ አላስተማሩትም እንጂ የእኔው እኩያ ነው። አንዱ አባል እኔ ነኝ።

አጀንዳው ቀመሪያ «የተሳሳተ ቀን በመመዝገብ የተቋሙን ገጽታ ማበላሸቷ» ነበር። እሷ አልተጠራችም።

«የመጣው ደብዳቤ የት አለ?» አልኩ።

«ምን ያደርግልሃል ደጌ?» አለ ነገሪ።

«ቀኑን ማን እንደጻፈው እናይበታለን።»

«ፋይሉ ውስጥ አልተገኘም።»

«የገቢ መዝገቡስ?»

«ለኦዲት ተወስዷል። ደጌ፣ አንተ ፕሬዝዳንቱን ልትመረምር ነው ወይስ ስብሰባ ልትጨርስ?» ሦስቱ ሳቁ። ድምፁን አለሰለሰ፦ «ሴትየዋ እንደሆነ መውጫዋ ደርሷል። ሁለት ዓመት ቀድማ አረፈች ማለት ነው። የሚነካው ስሟ ብቻ ነው።»

ብቻ!

መምህር፣ እዚህ ላይ በጥንቃቄ ያንብቡልኝ። በእርሳስ «ጥር 18» የተጻፈበት ኮፒ ያን ሰዓት እኔ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ቢሮዬ ከስብሰባው ክፍል ሁለት ፎቅ በላይ ነው። ተነሥቼ ብሄድ አራት ደቂቃ አይፈጅብኝም። አልሄድኩም። አስፈራርተውኛል እንዳልል ማንም አላስፈራራኝም። ልጆቼ አድገዋል፤ የማጣው ነገር አልነበረም። ስድስት ሰዓት ከሩብ ሆኖ ነበር፤ ነገሪ ጥብስ አዝዟል፤ ሁሉም እያየኝ ነበር። ቃለ ጉባኤው «ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ» ይላል። ሲደርሰኝ ፈረምኩ። ከዚያ ምሳ በላሁ። ጥብሱ ደርቆ ነበር፤ ስለ ጥብሱ ግን ተቆጣሁ።

ሰውን ሳነውርበት የኖርኩት ሁሉ ያን ቀን ወደ ራሴ ዞረ። የሚያስጠሉኝ ሰዎች እኔን ይመስላሉ፤ እነሱ ደረቅ ነን አይሉም እንጂ።

የስንብት ደብዳቤዋ ግልባጭ የካቲት 6 ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። አንድ ሳምንት አየሁት። የካቲት 14 ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቦኩ መንገድ ላይ ያለው ቤቷ ሄድኩ። ረመዳን ገብቷል፤ ሁዳዴም ገብቷል፤ እሷ ፀሐይ ሳትጠልቅ ውሃም ስለማትቀምስ በሻይ የምንደበቅበት መንገድ አልነበረም።

«አካም ጂርታ፣ ቀመሪያ?»

«ነጋ» አለች በሩ ላይ እንደቆመች። «አቶ ደገፋ። ግባ። ጫማህን አታውልቅ፣ አትቆይም።»

ተቀመጥኩ። ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ አላስጀመረችኝም።

«ቃለ ጉባኤውን ፋይል ያደረግኩት እኔ ነኝ እኮ» አለች። «ነገሪ ላከልኝ፤ መዝገብ ቤት ያለሁት እኔ፣ ማን ያስገባው? አምስቱንም ፊርማ አየሁ። የአራቱ ምንም አላለኝም። ያንተ ጋ ስደርስ መነጽሬን ጠረግኩ። የስንብት ደብዳቤዬንም ወጪ ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ ቁጥር ሰጠሁት፣ ቀን ጻፍኩበት፣ ማኅተም አስመታሁበት፣ ለራሴ አስረከብኩት። ፈርሜ ተቀበልኩ።»

«ቀመሪያ...»

«ሥርዓቱን አልዘለልኩም» አለች። «አንተ ነህ የዘለልከው።»

ኮፒውን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት። የራሷን የእርሳስ ጽሑፍ አየች።

«ይሄ አንተ ጋ ነበር?»

«መሳቢያዬ ውስጥ።»

«ስትፈርምም?»

«ስፈርምም።»

ትስቃለች ብዬ አልጠበቅኩም፤ ሳቀች፤ ደስ የማይል ሳቅ። «እኔ ደሞ ጠፋብህ ብዬ አዝኜልህ ነበር» አለች።

ሰኞ ክስ ልትመሠርት ወረቀቶቿን ደርድራለች። የምስክር ዝርዝሩን አየሁት፤ ያለው አንድ ስም ነው፤ አብዱናሲር። በየሦስት ወሩ ውሉ የሚታደስ የበር ጥበቃ እንግዶቹ የመጡበትን ቀንና ዶክተሩ ገና ከሶደሬ ሲደርሱ፣ ምንም ሳያጣሩ፣ በር ላይ «እሷ ናት ያሳሳተችኝ» ሲሉ የሰማውን ሊመሰክር ተስማምቷል። የእኔ ስም የለም።

«እኔንም ጻፊኝ» አልኳት።

«አንተማ ፈርመሃል። የፈረመ ሰው ዳኛ ፊት ምን ይላል?»

«የፈረምኩት ውሸት ነው ይላል።»

«በአፍ ቀላል ነው» አለችና ነጭ ወረቀትና እስክሪብቶ ጉልበቴ ላይ አኖረች። «ጻፈው።»

ጻፍኩ። ሃምሳ ስድስት ዓመት የሞላኝ ሬጅስትራር፣ እንደ ተማሪ ጉልበቴ ላይ። ሰጠኋት። ገቢ ደብዳቤ ስትቀበል እንደምታደርገው አነበበችው፤ በጣቷ መስመር በመስመር። መሐል ላይ ቆመች።

«‹ቃለ ጉባኤው ሐቁ ሳይጣራ ተፈርሟል› ይላል። ማን ፈረመው? ጅን ነው?»

ቀዳድጄ እንደገና ጻፍኩ። «እኔ ደገፋ ኦሊቃ፣ ማስረጃው በእጄ እያለ፣ ቀኑን የሳተው ማን እንደሆነ እያወቅሁ፣ ወይዘሮ ቀመሪያ ናት በሚለው ቃለ ጉባኤ ላይ ፈርሜያለሁ» አልኩ። ቀኑን የሰረዙትን ሰው ስም፣ የነገሪን ስም፣ ስብሰባው የተደረገበትን ቀንና ሰዓት ጨመርኩ። ይህን አንብባ ጨረሰች። ወረቀቱን ከሌሎቹ ጋር ደረደረችና በዝርዝሩ ላይ ከአብዱናሲር ሥር ስሜን ጻፈች። ከሥር ነው የጻፈችው፤ ተገቢው ቦታ ነው።

በር ላይ «ይቅር ትይኛለሽ?» አልኳት። የሞኝ ጥያቄ ነው።

«መጀመሪያ ተናገር» አለችኝ። «እሱን ከዚያ እናየዋለን።»

መጥሪያው ኮሌጁ እንደደረሰ ዶክተር ይትባረክ አስጠሩኝ። «ጋሼ፣ ለአንዲት መዝገብ ቤት? ውልህ እኮ ሰኔ ላይ ነው የሚያልቀው» አሉኝ። «የእኛ ሰኔ ነው ወይስ የፈረንጁ?» አልኳቸው። በዚህ ዓመት ያገኘሁት ደስታ ይህ ብቻ ነው፤ እሱም ደረጃውን ሳልወርድ አለቀ። ነገሪ በኮሪደሩ ሲያገኘኝ ሰላም አይለኝም። ከሌሎቹ ሦስት አባላት ሁለቱ ለየብቻ ጠርተውኝ «ልክ ነህ፣ ግን እኛን አታንሣ» ብለውኛል። በጆሮዬ ያንሾካሾኩት «ልክ ነህ» ከስድብ ይልቅ ዘገነነኝ፤ የካቲት 3 ቀን እኔም እንዲያው ነበርኩና።

ችሎቱ ከነገ ወዲያ ማክሰኞ መጋቢት 8 ቀን ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። የሚካሄደው በአፋን ኦሮሞ ነው። ቃሌን ደጋግሜ ተለማምጃለሁ። በአማርኛ የቢሮ ቋንቋ መደበቂያ ብዙ ነው፤ እናቴ ባስተማረችኝ ቋንቋ ግን ውሸት ስናገር አንደበቴ ይታወቅብኛል። ቢሆንም ራሴን አላምነውም። ሁለት ጊዜ፣ አንዴ በአሥራ ስድስት፣ አንዴ በሃምሳ ስድስት ዓመቴ፣ ሰው እያየኝ ዝም ብያለሁ። ማክሰኞም ነገሪ ፊት ለፊቴ ይቀመጣል። የኮሌጁ ጠበቃ «በርግጠኝነት ያስታውሳሉ?» ይለኛል። «አላስታውስም» ማለት አንድ ቃል ናት፤ ቀላል ናት፤ ወደ ቤት ታስገባለች።

ስለዚህ ቀመሪያ ቤት የጻፍኩትን ወረቀት ቅጂ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። ነገ ፖስታ ቤቱ እንደተከፈተ በአደራ እልከዋለሁ፣ ከችሎቱ አንድ ቀን አስቀድሜ። ማክሰኞ ጠዋት ለመሐላ ስቆም ወረቀቱ ወደ እርስዎ መንገድ ላይ ነው፤ አፌ ሌላ ቢል የሚመልሰው የለም። ፎቶዎን ስላዋረድኩ ይቅርታ የምጠይቅዎ ከማክሰኞ በኋላ ነው፤ ቀመሪያ ያወጣችውን ተራ አልዘልም።

ጤና ይስጥዎ፤ ዓይንዎን ያቆይልዎ።

የሒሳብ ተማሪዎ
ደገፋ ኦሊቃ
አዳማ፣ እሑድ መጋቢት 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

አባሪ፦ አንድ ገጽ፣ በእኔ የተፈረመ